«ገና ነው» የሚባለው ጊዜ፦ የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ለምን ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል?

በዚህ ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነባቸው ጽሑፎች ስለ ራሳችን ናቸው። ስለ ፍሬሽማን ኮርስ፣ ስለ መውጫ ፈተና፣ ከምረቃ በኋላ ስላለው ሥራ ፍለጋ ወዘተ. እንጽፋለን። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ወደ ኋላ ልመልሳችሁና ገና ካምፓስ ስላልደረሱት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ላወራ ነው። ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ታናሽ ወንድም ወይም እህት የሌለው ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማ ወርደን የምናስጠናም ብዙ ነን። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ጠመኔ ይዞ እነዚሁ ልጆች ፊት የሚቆም ከዚህ ዲፓርትመንት መውጣቱ አይቀርም።

ቡሌ ሆራ ከተማ ውስጥ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አስቁማችሁ «ለዩኒቨርሲቲ መዘጋጀት ጀመርክ ወይ?» ብትሉት የሚሰጣችሁ መልስ የታወቀ ነው፦ «ገና ነው እኮ! 12 ስደርስ እጀምራለሁ።» እኔ የማስጠናቸው ልጆችም የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባችው ታናሽ እህቴም ያለችኝ ሌላ አይደለም። ታዲያ ይህ «ገና» የተባለው ጊዜ በእርግጥ ገና ነው ወይ? የጽሑፌ መልእክት በአጭሩ አይደለም የሚል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በ12ኛ ክፍል ይሁን እንጂ ውጤቱ በአብዛኛው የሚሠራው በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ደግሞ ከቁጥር ልጀምር። የሒሳብ ሰዎች አይደለን?

ቁጥሩ ምን ይላል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህ 3.3 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት 1,161 ት/ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ የሚሆኑት የማለፊያውን ነጥብ አግኝተዋል።

ይህንን ወደ ክፍል ውስጥ እናምጣው። 60 ተማሪ ያለበት አንድ ሴክሽን እናስብ። በ2014ቱ መጠን ከዚያ ክፍል ሁለት ልጆች ያልፋሉ ማለት ነው። በ2017ቱ መጠን አምስት ይሆናሉ። እየተሻሻለ መሄዱ ደስ ይላል። ነገር ግን 55 ልጅ ቁጭ ብሎ አምስት ልጅ ሲያልፍ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ብሎ መደምደም አይቻልም። 55 ሰነፍ በአንድ ክፍል አይሰበሰብም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ በ2015 ዓ.ም. የተፈተንኩ ነኝ። አብረውኝ ከተማሩት መካከል ከእኔ ባልተናነሰ የሚያጠኑ፣ ሌሊት ሻማ አብርተው የሚቸክሉ ነበሩ። 12ኛ ክፍል ላይ ያልጣሩ አልነበሩም። ጥረቱ ግን ከመሠረቱ በላይ ነበር የተገነባው። ቤቱ ጣሪያ እየተመታለት መሠረቱ አልተቆፈረም እንደማለት ነው።

ደወሉ የት ሄደ?

ታላላቆቻችን ዛሬም «ማትሪክ» ይሉታል። በእነሱ ጊዜ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ መፈተን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁለት ከፈለው። 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ሆኑ። በመካከሉም የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ። ያ ፈተና ብዙ ልጆችን ያስለቀሰ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው። ደወል ነበር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ «የሚቀጥለው ዓመት ፈተና አለብኝ» ብሎ ደብተሩን ይገልጥ ነበር።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። የእኔ ባች 10ኛ ክፍልን ያለ ብሔራዊ ፈተና ካለፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እርግጥ ነው፣ በ15 እና በ16 ዓመት ልጅ ላይ በር የሚዘጋ ፈተና መቅረቱን አልቃወምም። ችግሩ ደወሉ ሲነሳ በቦታው ሌላ ደወል አለመተካቱ ነው። አሁን አንድ ልጅ በ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና ይወስድና ቀጣዩ ብሔራዊ ፈተና የሚጠብቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው የት/ቤት ፈተና ነው። እሱ ደግሞ እንደ መምህሩና እንደ ት/ቤቱ ይለያያል። ልጁ ክፍል ውስጥ 80 እያመጣ ሲሄድ ደህና ነኝ ብሎ ያስባል። 12ኛ ላይ ደርሶ የሌላ ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት ግን 80ው የት እንደገባ አይታወቅም።

ስለዚህ ቀድሞ መዘጋጀት ማለት መጀመሪያ ደወሉን በራስ እጅ መሥራት ማለት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስድስቱ ወረቀቶች

በቅርብ ዓመታት የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ የሚወስዳቸው ስድስት ትምህርቶች ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ከ600 ይታሰባል፤ 300 ማምጣት 50 በመቶ ነው።

እስቲ ሁለቱን ዝርዝር አስተያዩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ናቸው። ልጁ ናቹራል ቢገባ ሶሻል ቢገባ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ አይቀሩለትም። ከስድስት ሦስት ማለት ደግሞ ግማሽ ነው። አፕቲትዩድ የሚባለውም ቢሆን አንዱ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ቃላትና ንባብ፣ ሌላው ክፍሉ መሠረታዊ ሒሳብ ነው። ሲጠቃለል የፈተናው ግማሽ በሁለት ነገሮች ላይ ቆሟል፤ እንግሊዝኛን አንብቦ መረዳትና መሠረታዊ ሒሳብ። ቀሪዎቹ ሦስት ትምህርቶችም ቢሆኑ የሚጠየቁት በእንግሊዝኛ ነው።

ይህ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ትልቅ የምሥራች ይመስለኛል። ገና ናቹራል ልሂድ ሶሻል ልሂድ ሳይወስን፣ ዶክተር ልሁን መሐንዲስ ሳይል፣ የውጤቱን ግማሽ ዛሬ መሥራት መጀመር ይችላል። ሁለቱም ደግሞ በሦስት ወር የሚሸመደዱ አይደሉም። ታሪክን ወይም ባዮሎጂን በመጨረሻው ዓመት ተሯሩጦ የተወሰነ ማስተካከል ይቻል ይሆናል። ቋንቋና ሒሳብ ግን እንደ ቡና ተክል ናቸው። ዘንድሮ ተክለህ ዘንድሮ አትለቅምም።

ከሰፊሳ ወደ ስፒድ

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በኦሮሚያ አንድ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ሐሳቡን ይይዛል። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ሲገባ በአንድ ክረምት ልዩነት መጻሕፍቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናሉ። ትናንት ፍጥነትን «ሰፊሳ» ብሎ፣ ጉልበትን «ሁምና» ብሎ፣ ባለ ሦስት ጎኑን «ሮግሰዴ» ብሎ የተማረ ልጅ ዛሬ ስፒድ፣ ፎርስ፣ ትራያንግል ይባላል። ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ስሙን አያውቀውም። ስሙን ስላላወቀ ደግሞ ሐሳቡንም የማያውቅ ይመስለዋል። የሚያሳዝነው ይሄ ነው።

አንድ የማስጠናው ልጅ ስለ ፍጥነት የቀረበለትን ጥያቄ አንብቦ «ቲቸር፣ ይሄን አልተማርንም» አለኝ። በአፋን ኦሮሞ ስነግረው ሳልጨርስ መልሱን ሰጠኝ። እንግዲህ ይህ ልጅ የጎደለው ፊዚክስ ነው ወይስ ቃል?

ፈተናው ላይ ደግሞ የሚጥሉት ከባድ የሳይንስ ቃላት ብቻ አይደሉም። ትንንሾቹ ቃላት ይብሳሉ። «ኤክሰፕት» የምትለዋን ያላስተዋለ ተማሪ ትክክል ያልሆነውን እንዲመርጥ ተጠይቆ ትክክሉን ያጠቁራል። «ኖት»፣ «አት ሊስት»፣ «አት ሞስት»፣ «አንለስ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። እኛ የሒሳብ ሰዎች «አት ሊስት» እና «አት ሞስት» ሲምታቱ የአለመተካከሉ ምልክት እንደሚገለበጥ እናውቃለን። ሒሳቡን ሠርቶ፣ ደክሞ፣ በአንዲት ቃል ምክንያት ዜሮ!

መፍትሔው ውድ አይደለም። እኔ ለማስጠናቸው ልጆች የማዛቸው አንድ ደብተር ነው። ገጹን በሦስት ዓምድ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ከራሳቸው መማሪያ መጽሐፍ ያገኙትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ በሁለተኛው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ትርጉሙን፣ በሦስተኛው ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ገልብጠው ይጽፋሉ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። የትምህርት ዓመቱ 200 ቀን ቢሆን 1,000 ቃል ይሆናል። 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ 2,000 ቃል ይዟል ማለት ነው። ፊልም በማየት ወይም ሰዋስው በመሸምደድ ብቻ ይህን አያገኘውም። ምክንያቱም ቃላቱ የፈተናው ቃላት፣ የመጽሐፉ ቃላት ናቸው።

የመጽሐፍ ነገር ከተነሳ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። የመጻሕፍቱ ሶፍት ኮፒ ግን በስልክ ይገኛል፤ ብዙ ልጆችም በቴሌግራም ይቀባበሉታል። ቤት ውስጥ አንድ ስማርት ስልክ ካለ አራት ዓመት ሙሉ የሚበቃ መጽሐፍ አለ ማለት ነው። ስልኩ የታላቅ ወንድም ከሆነ ደግሞ፣ ወንድሞቼ ሆይ፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ማዋስ ነው።

የሒሳብ ሰንሰለት

ስለ ሒሳብ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ግን ለታናናሾቻችን እንዴት እናስረዳው? እኔ አንድ ምሳሌ እጠቀማለሁ። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ «የኤክስ ኪዩብ ሲቀነስ ሦስት ኤክስ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥቦች የት የት ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዴሪቬቲቩን ማውጣት አንድ መስመር ነው፤ ሦስት ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ሦስት። ካልኩለሱ በአብዛኛው እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ይህንን ከዜሮ ጋር አስተካክሎ ኤክስ አንድ ወይም ኔጌቲቭ አንድ መሆኑን ማግኘት የ9ኛ ክፍል ሥራ ነው። ከዚያም ግራፉ የት ወጣ የት ወረደ ብሎ ማየት የ10ኛ ክፍል የፖሊኖሚያል ፈንክሽን ትምህርት ነው።

ሊኒየር ፕሮግራሚንግንም ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ምዕራፍ ነው። ግን ምንድን ነው? የ9ኛ ክፍል አለመተካከል በግራፍ ላይ ሲሳል ነው። ሴኩዌንስ ላይ የሚመጣው ጂኦሜትሪክ ሲሪስ የ10ኛ ክፍል ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም ካልተያዘ አይገፋም። 12ኛ ላይ «ካልኩለስ ከበደኝ» የሚል ተማሪ ብዙውን ጊዜ የከበደው ካልኩለስ አይደለም። ፋክተር ማድረግ፣ ክፍልፋይ መደመር፣ ኔጌቲቭ ምልክት ማከፋፈል ነው የከበደው። ያ ደግሞ ከኋላ የመጣ ዕዳ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ፈተናው ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በስልኩ ካልኩሌተር 7 በ8 ሲያባዛ የኖረ ልጅ ፈተና ክፍል ውስጥ እጁ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ የቤት ሥራን ያለ ካልኩሌተር መሥራት ራሱ ዝግጅት ነው።

ሰዓቱ እኩል ነው፣ ውጤቱ ግን አይደለም

አንዳንድ ልጆች «12ኛ ላይ በቀን አራት ሰዓት ካጠናሁ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንቁጠረው። የመጨረሻው ሦስት ወር 90 ቀን ቢሆን በቀን አራት ሰዓት 360 ሰዓት ይሆናል። በሌላ በኩል በ9ኛና በ10ኛ ክፍል በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ በዓመት 36 ሳምንት ቢያጠና 180 ሰዓት በዓመት፣ በሁለት ዓመት 360 ሰዓት ይሆናል። ሰዓቱ ፍጹም እኩል ነው!

ልዩነቱ አእምሮ ላይ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ሰው የሸመደደውን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው እየተመለሰ ሲከልሰው ግን መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። በሦስት ወር የታጨቀ ነገር ለመከለስ ጊዜ የለውም። በሁለት ዓመት የተበተነ ግን ደጋግሞ ይከለሳል። በዚያ ላይ ያኛው 360 ሰዓት የሚውለው በጭንቀት ወቅት ሲሆን ይኸኛው የሚውለው ልጁ ሳይጨነቅ ነው። ቀደም ያለ ልጅ 12ኛ ሲደርስ የመጨረሻውን ሦስት ወር ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምራል።

የእኛ አካባቢ ልጅ ጊዜውን ከየት ያመጣል?

ምክር መስጠት ቀላል ነው። «በቀን አንድ ሰዓት» ስንል ግን ልጁ ያ ሰዓት አለው ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። ከቀርጫ፣ ከገላና፣ ከዱግዳ ዳዋ ገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቡሌ ሆራ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ። ቡና ወዳለበት የመጣ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የለቀማ ወቅት ነው፤ ያ ወቅት የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ልብ ነው። ወደ ቆላው፣ ወደ ያቤሎና ወደ ነገሌ አቅጣጫ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንብ ሲቀር ስንቱ ልጅ ከብት ተከትሎ ከት/ቤት ራቀ። ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ በላይዋ ላይ አለ።

ከዚህም ሌላ ያልታሰበ ነገር ይመጣል። እኔ 9ኛ ክፍል እያለሁ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ት/ቤት ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. በጉጂና በጌዴኦ መካከል በተነሳው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል ትምህርትም አብሮ ተቋርጧል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። እኛ አካባቢ አራት ዓመት ማለት ሙሉ አራት ዓመት አይደለም። ከመካከሉ የሚነጠቅ ጊዜ አለ። ሁሉን ወደ 12ኛ ክፍል ያስተላለፈ ልጅ ያ ዓመት ከተነጠቀበት ምንም አይቀረውም። ቀድሞ የጀመረ ግን አንድ መንፈቀ ዓመት ቢቀርበትም የቆመበት መሬት አለው።

ስለዚህ ሰዓቱን ስንመክር እንደ ልጁ ኑሮ ይሁን። ለለቀማ የሚሄድ ልጅ የቃላት ደብተሩን ኪሱ ይክተት። አንድ ክፍል የተከራዩ አራት ልጆች ካሉ ምግብ ማብሰሉን በተራ አድርገው ሦስቱ እንዲያጠኑ ይስማሙ። ወላጅም ቢሆን ልጁ ያለ ፈተና ወቅት ሲያጠና ሲያይ «ምን አስቸኮለህ?» አይበል። ለቤት ኪራይ ብሎ በሬውን ወይም ላሟን የሸጠ አባት ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያውቀው በ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ያ ውጤት ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ስምና ወረቀት

ዝግጅት ማለት ጥናት ብቻ አይደለም። ብዙዎች የሚረሱት የወረቀት ጉዳይ አለ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ በ«ሲ» ይጀምራል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን በ«ሲ» እና «ኤች» ይጻፋል። አናባቢውም በቁቤ ሲደገም በእንግሊዝኛው አይደገምም። እንግዲህ የ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ በአንድ መልክ፣ የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ፣ መታወቂያ ላይ በሦስተኛ መልክ የተጻፈች ልጅ አንዷ ሦስት ሆነች ማለት ነው። ለፈተና ምዝገባ የፋይዳ ቁጥር እየተጠየቀ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይህ ልዩነት ቶሎ ይታያል።

በ9ኛ ክፍል መስከረም ላይ የስሟን አጻጻፍ አንድ ማድረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ12ኛ ክፍል ግን የመመላለስ ሥራ ነው፤ ከገጠር የምትመጣ ልጅ ከሆነች የትራንስፖርቱም ብር አለ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉት እንዲገናኙ ማየት ነው። የየዓመቱን ሪፖርት ካርድ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ በስልክም ፎቶ አንስቶ መያዝ ይጠቅማል።

በሮቹ ብዙ ናቸው

ልጆቹ «ዩኒቨርሲቲ መግባት» ሲሉ አንድ በር ብቻ ይታያቸዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትና በምርጫ ይመድባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ ከ2017 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ብሔራዊውን ያለፈ ሁሉ በቀጥታ አይገባም ማለት ነው። ውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚያስብ ካለ ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆች በአብዛኛው የሚጠይቁት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ነው። እዚያ የ9ኛ ክፍል ውጤት ራሱ ይቆጠራል። «9ኛ ክፍል አይቆጠርም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። 8ኛ ክፍል ያለ ጎበዝ ታናሽ ያላችሁም፣ አዳማ የሚገኘውን የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ት/ቤት የመሳሰሉ በፈተና የሚቀበሉ ት/ቤቶች መኖራቸውን ንገሩት። መረጃው ወደ እኛ አካባቢ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ሪሚዲያል ብዙ ልጆችን አንስቷል። ጥሩ ነው። ግን ለሁሉም የሚደርስ አይደለም፤ ሁለተኛ ዕድልን ደግሞ እንደ መጀመሪያ ዕቅድ መያዝ ዕቅድ አይባልም። በቴሌግራም «ፈተናው ወጥቷል» እያሉ ብር የሚሰበስቡትንም ልጆቹ ቀድመው ይወቋቸው። በ2008 ዓ.ም. የወጣ ፈተና አገር አቀፍ ፈተናውን አሰረዘ እንጂ ማንንም አልጠቀመም። ያኔ በሐቅ ያጠናው ነው ተመልሶ የተፈተነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ የምመክረውን ላጠቃልል፦

1. በየቀኑ አምስት ቃል፣ ከራሱ መጽሐፍ፣ በሦስት ዓምድ።
2. በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ ያለ ካልኩሌተር። አዲስ ምዕራፍ ከመሮጥ የቆየውን መጨረስ ይቀድማል።
3. በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ አንድ የራስ ደወል። ከቆዩ የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ይዘት ያላቸውን ጥያቄዎች መርጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ መጽሐፍ ዘግቶ መሥራትና ውጤቱን መጻፍ። የክፍሉ 80 እውነተኛ 80 መሆኑ እዚህ ይታወቃል።
4. ስም፣ የልደት ቀን፣ ካርድ በ9ኛ ክፍል ማስተካከል።
5. ኮምፒዩተር መንካት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር ተፈትነዋል። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ቀን መያዝ የለበትም።

ሦስተኛውን ደወል ልጁ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። የትኛው ጥያቄ የ9ኛ፣ የትኛው የ12ኛ ይዘት እንደሆነ ለመለየት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኛ ነን። የአምስት ዓመት ፈተናዎች ሒሳብ ክፍል በምዕራፍ ቢከፋፈል ለአንድ ባች የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። አንዴ ከተሠራ በፎቶ ኮፒ ለከተማው ት/ቤቶች ሁሉ ይዳረሳል። መምህራኖቻችን ቢያግዙንና የዲፓርትመንቱ የማኅበረሰብ አገልግሎት አካል ቢሆን ደግሞ በየዓመቱ ይቀጥላል። እኔ የ2016ቱን ጀምሬያለሁ፤ አብሮኝ መሥራት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ላይብረሪ ያገኘኛል።

አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ድስቱን ጥዷል፤ እሱን በቻልነው እንርዳው። የ9ኛ ክፍሉ ግን ገና ሊደቁስ ነው። «ገና ነው» ሲላችሁ «አዎ፣ ገና ስለሆነ ነው የምንጀምረው» በሉት።